ስለ አረጋውያን ሕሙማን አቅም መመርመር

ሰው ከሕፃንነት ወደ ጕልማስነት፥ ከጕልማስነትም ወደ ሽምግልና መድረሱ የተፈጥሮ ሕግ ነው። በኢትዮጵያም ሽማግሌ የቤት አማካሪ፥ የሰፈር አስታራቂ፥ የርስትና የወሰን ምስክር ሆኖ ሲከበር ኖሯል። ነገር ግን አክብሮት በአፍ ብቻ የሚፈጸም አይደለም፤ የሚፈተነው ሽማግሌው ታሞ በአልጋ በዋለ ጊዜ ነው። አረጋዊው ወደ ሆስፒታል ሲገባ የሚመረመረው የመጣበት ሕመም ብቻ ነውን፥ ወይስ ሕመሙን የሚሸከመው አቅሙም ጭምር ነው? ይህ ጥያቄ ሲታይ ትንሽ ይመስላል፤ ዳሩ ግን አንድ አረጋዊ ከሆስፒታል በእግሩ መውጣቱና በቃሬዛ መውጣቱ ብዙ ጊዜ የሚለየው በዚሁ ጥያቄ መልስ ስለ ሆነ፥ የጤና ሹማምንትም ካህናትም ሊያስቡበት የሚገባ ነው።

ባሕር ዳር ዓባይ ከጣና በሚወጣበት ዳር የተቈረቈረች ከተማ እንደ መሆኗ መጠን በዙሪያዋ ያለው ሕዝብ ሕመም ሲጸናበት ፊቱን የሚያዞረው ወደ እርስዋ ነው። የፈለገ ሕይወት ሆስፒታልና በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሥር የሚገኘው የጥበበ ግዮን ሆስፒታል ከሜጫና ከአቸፈር፥ ከደራና ከፎገራ የሚመጣውን ሕመምተኛ ይቀበላሉ። ከደቅ ደሴት የሚመጣው በጀልባ ባሕሩን ተሻግሮ፥ ከዘጌም የሚመጣው በጀልባ ወይም በመኪና ተጕዞ ነው። እነዚህ ሆስፒታሎች፥ እንዲሁም በአገሩ ያሉት ሌሎች ሁሉ፥ አሠራራቸው ይልቁንም የተዘረጋው ለወላድ እናት፥ ለሕፃን፥ ለወባና ለሳምባ ነቀርሳ፥ በአደጋም ለተጐዳ ወጣት ነው። ይህም የተገባ ነበር፤ ሕዝቡን ይጨርሰው የነበረው ይኸው ነበርና።

አሁን ግን ነገሩ እየተለወጠ ሄዷል። በ1980ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ አንድ ኢትዮጵያዊ ሲወለድ ይጠበቅለት የነበረው አማካይ ዕድሜ 50 ዓመት አይሞላም ነበር፤ ዛሬ ከ60 ዓመት አልፏል። ለዚህ ዋናው ምክንያት የሕፃናት ሞት መቀነስ ነው። ነገር ግን ትናንት ከሞት የዳነው ሕፃን ነገ ሽማግሌ መሆኑ አይቀርም። ስለዚህ አረጋውያን ከሕዝቡ መካከል እጃቸው ገና ጥቂት ቢሆንም፥ ቍጥራቸው ከዓመት ወደ ዓመት እየጨመረ፥ የሆስፒታሉንም አልጋ እየያዙ መሄዳቸው የተገለጠ ነው። ለወጣት የተሠራ አሠራር ደግሞ ሳይሻሻል ለሽማግሌ ቢውል ጕዳት ያመጣል።

ለምሳሌ ያህል በዘጌ የቡና ጫካ ውስጥ ሲሠራ ኖሮ ያረጀ አንድ ሰው ሳምባው ታሞ ሆስፒታል ገባ እንበል። ከመታመሙ አስቀድሞ በምርኵዝ እየተደገፈም ቢሆን ቤተ ክርስቲያን ስሞ ይመለስ ነበር። ሐኪሙም ሕመሙን በትክክል ዐውቆ መድኃኒቱን በመርፌ አዘዘለት። ዐሥር ቀን ከአልጋ ሳይወርድ ሰነበተ፤ ትኵሳቱ ጠፋ፥ ሳሉም ቆመ፤ በመዝገቡም ላይ «ድኖ ወጣ» ተብሎ ተጻፈ። ዳሩ ግን ያ ሰው ከደጅ ወደ ጀልባው የወረደው በልጆቹ ትከሻ ላይ ሆኖ ነው። ከወር በኋላ ሌሊት ለሽንት ሲነሣ ወድቆ የዳሌው አጥንት ተሰብሮ ወደዚያው ሆስፒታል ተመለሰ። በመዝገቡ የተጻፈው ሐሰት አይደለም፤ ሕመሙ ድኗል። ሆኖም ሰውየው አልዳነም።

እንዲህ ያለው ነገር የሚደርሰው ሐኪሙ ስላልተጋ አይደለም፤ የአረጋዊ ሰውነት መተኛትን ስለማይችል ነው። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2007 በአሜሪካ አገር በታተመ አንድ ጥናት፥ ምንም ሕመም የሌለባቸው አረጋውያን ፈቅደው ዐሥር ቀን በአልጋ ላይ እንዲቈዩ በተደረገ ጊዜ፥ ከእግራቸው ጡንቻ አንድ ኪሎ ያህል እንደ ጐደለባቸው ታውቋል። ጤነኛው እንዲህ ከሆነ፥ ትኵሳትና የምግብ መዘጋት የተጨመረበት ሕመምተኛ እንዴት ሊሆን እንደሚችል ለመገመት አያስቸግርም። ወጣቱ የጐደለበትን ጡንቻ በጥቂት ሳምንት ይተካል፤ አቅሙ አስቀድሞ የደከመው አረጋዊ ግን ያችን የጐደለችበትን አያገኛትም።

በሕክምና ትምህርት ይህ ሁኔታ በእንግሊዝኛ ፍሬይልቲ የሚባል ስም አለው። በአማርኛ «አቅመ ደካማ» ሲባል ብዙ ጊዜ የሚታሰበው ጧሪ ያጣ ድኻ ነው፤ እዚህ ላይ የተፈለገው ግን የኪስ ሳይሆን የሰውነት አቅም ነው። የአቅም ድካም ማለት ልብና ሳምባ፥ ጡንቻና አጥንት፥ አእምሮም የያዙት መጠባበቂያ ኀይል ተመናምኖ፥ ሰውየው ለትንሽ ሕመም ትልቅ ውድቀት የሚወድቅበት ሁኔታ ነው። ይህ ከእርጅና ጋራ አንድ አይደለም፤ በ80 ዓመቱ አገዳ የሚቈርጥ አለ፥ በ60 ዓመቱም ከወንበር ለመነሣት ደጋፊ የሚሻ አለ። ከበሽታም ጋራ አንድ አይደለም፤ ስኳርና የደም ብዛት ኖሮበት ጠንካራ የሆነ ሰው አለ፥ ይህ ነው የሚባል በሽታ ሳይገኝበትም የሚመነምን አለ። የጐጆ ምሰሶ ውስጡን ምስጥ በልቶት ውጭውን ደኅና መስሎ እንደሚቆም፥ ነፋስ በመጣ ቀን ግን እንደሚወድቅ፥ የአቅም ድካምም እንዲሁ ያለ ነው።

ነገሩን በመለኪያ ለማስገባት ሊቃውንት ብዙ ደክመዋል። አስቀድሞ በእንግሊዝ አገር ማርጆሪ ዋረን የምትባል ሐኪም እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ከ1935 ጀምሮ፥ የማይድኑ ናቸው ተብለው በለንደን አጠገብ በአንድ ሆስፒታል ለዓመታት ተኝተው የነበሩትን ብዙ መቶ አረጋውያን እያንዳንዳቸውን መረመረች። ከአልጋ ሊወርድ የሚችለውን ከማይችለው ለየች፤ እግራቸውን አፍታትታ፥ መነሣትንና መሄድን መልሳ አስተማረች። ከነዚያም ብዙዎቹ ወደ ቤታቸው ለመመለስ በቁ። ስለ አረጋውያን የሚደረገው የሕክምና ትምህርት በዓለም ላይ የተስፋፋው ከዚያ በኋላ ነው። የሥራዋም ፍሬ ነገር አንድ ነበረ፤ ይኸውም አረጋዊውን በጅምላ «አርጅቷል» ብሎ መተው ሳይሆን፥ አቅሙን ለይቶ ማወቅ ነው።

ከዚያም እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2001 አሜሪካዊቱ ሐኪም ሊንዳ ፍሪድና የሥራ ጓደኞቿ ለአቅም ድካም አምስት ምልክቶች አወጡ። እነርሱም ሳይፈልጉ መክሳት፥ ያለ ምክንያት መታከት፥ የእጅ ጭብጥ መላላት፥ አካሄድ መዘግየት፥ የዕለት እንቅስቃሴም ማነስ ናቸው። ከአምስቱ ሦስት የተገኙበት ሰው አቅሙ ደክሟል ይባላል፤ አንድ ወይም ሁለት የተገኙበት ደግሞ ወደ ድካም እየተጠጋ ነው። በ2005ም የካናዳው ሐኪም ኬኔት ሮክዉድና ጓደኞቹ ያለ ብዙ መሣሪያ ሰውየው በቤቱ ምን ይሠራ እንደ ነበር በመጠየቅ ብቻ የሚሞላ መለኪያ አቀረቡ። ይህ መለኪያ አስቀድሞ ሰባት፥ ኋላም ዘጠኝ ደረጃ ሆነ። አንደኛው ደረጃ እጅግ የጠነከረው ሰው ነው፤ ከአምስተኛው ጀምሮ ያሉት ለኑሮው ረዳት የሚያሻው ናቸው፤ ዘጠነኛውም ዕድሜው ወደ ፍጻሜ የተቃረበው ነው። በዚህ መለኪያ ሊረሳ የማይገባው ነገር፥ የሚጠየቀው ሕመምተኛው ዛሬ በአልጋ ላይ ያለበት ሁኔታ ሳይሆን፥ ከመታመሙ አስቀድሞ ሁለት ሳምንት ያህል ቀደም ብሎ የነበረበት ሁኔታ መሆኑ ነው። ሲታመም የማይደክም የለምና።

ይህ ምርመራ ለጣና ዙሪያ የሚስማማበት የተለየ ምክንያት አለ። በኢትዮጵያ የልደት ምዝገባ በሕግ ተደራጅቶ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ስለ ሆነ፥ ዛሬ ሽማግሌ የሆነው የገጠር ሰው የተወለደበትን ዓመት በወረቀት የያዘ አይደለም። ዕድሜው ሲጠየቅ ጣልያን ከወጣ በኋላ፥ ወይም የዘውዱ መንግሥት ከመውረዱ በፊት ብሎ ይመልሳል፤ በካርዱ ላይ የሚጻፈውም ቍጥር የጸሓፊው ግምት ነው። እንግዲህ ሆስፒታሉ «ከ65 ዓመት በላይ የሆነ ሁሉ» ብሎ ሥርዓት ቢያወጣ፥ መሠረቱ ግምት ይሆንበታል። አካሄድን ማየት ግን ግምት አይደለም፤ ከወንበር መነሣት መቻልና አለመቻል የልደት ወረቀት አይጠይቅም። ስለዚህ በዓመት ቍጥር ፋንታ አቅምን መመልከት በእንዲህ ያለው አገር ይበልጥ የታመነ መንገድ ነው።

ይሁን እንጂ የውጭ አገር መለኪያ እንዳለ ተገልብጦ ሊሠራበት አይችልም። በካናዳና በእንግሊዝ የሚጠየቀው አረጋዊው ገንዘቡን ራሱ ይቈጣጠራልን፥ ገበያ ብቻውን ይሄዳልን፥ ምግቡን ራሱ ያበስላልን ተብሎ ነው። በጣና ዳር ግን ወንድ ሽማግሌ በጕልማስነቱም ወጥ ሠርቶ አያውቅም፤ ባልቴቲቱም ምራትና ልጅ ካላት እንጀራ የማትጋግረው ስለ ደከመች ሳይሆን ስለ ተከበረች ነው። እንዲህ ያለው ጥያቄ ጠንካራውን ደካማ፥ ደካማውንም ጠንካራ አድርጎ ያሳያል። በዚህ ፋንታ የሚጠየቀው የአገሩ ኑሮ ሊሆን ይገባዋል። ባለፈው ክረምት እርሻ ወርደዋልን? ታንኳ ይቀዝፉ ነበርን? ውሃ በእንስራ ወይም በጀሪካን ይሸከሙ ነበርን? ቅዳሴ እስኪያልቅ መቆም ይችሉ ነበርን፥ ወይስ መቋሚያ ይዘው ይቀመጡ ነበር? ወደ ደጀ ሰላሙ የሚያወጣውን ዳገት ስንት ጊዜ ያርፉበታል? ልብሳቸው ሰፍቷቸዋልን? እነዚህ ጥያቄዎች በባሕር ዳርና በጎንደር ባሉት የዩኒቨርሲቲ መምህራን ተመርምረውና ተፈትነው ወደ አንድ ቅጽ ቢገቡ፥ ከውጭ ከመጣው ቅጽ ይልቅ እውነቱን ያወጣሉ።

ለዚህ የሚያስፈልገው መሣሪያም ብዙ አይደለም። መቆም ለሚችለው ሕመምተኛ አራት ሜትር የተለካ ወለልና የሰከንድ ቍጥር ያለው ሰዓት ይበቃል። አራቱን ሜትር ለመሄድ ከአምስት ሰከንድ በላይ የፈጀበት ሰው አካሄዱ ዘግይቷል ይባላል። መቆም ለማይችለው ደግሞ የልብስ ሰፊ ሜትር ወስዶ የባቱን ውፍረት መለካት ይቻላል፤ ከ31 ሳንቲ ሜትር ያነሰ ባት የምግብ ጕድለትን ይጠቁማል። ነገር ግን እግሩ በልብ ወይም በኵላሊት ሕመም ያበጠ፥ በጎጃም ደጋም እንደሚታየው በዝሆኔ የታመመ ሰው ባቱ ወፍሮ መለኪያውን ስለሚያሳስት፥ ለካዩ ይህን ማስተዋል አለበት። እንዲሁም ዓይኑ በዓይን ማዝ ወይም በሞራ የታወከ ሰው ቀስ ብሎ ቢሄድ የማያይ ስለ ሆነ እንጂ ጕልበቱ ደክሞ ላይሆን ይችላል።

ከሁሉ የሚበልጠው ምስክር ግን አስታማሚው ነው። በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች ሕመምተኛ ብቻውን አይተኛም፤ ሚስት ወይም ልጅ፥ የእኅት ልጅ ወይም ጎረቤት በአጠገቡ ውሎ ያድራል። አንዳንድ ጊዜ ይህ እንደ መጨናነቅ ሲቈጠር ይሰማል። ነገር ግን የሌላው አገር ሐኪም በብዙ ድካም የሚፈልገውን ታሪክ ይህ ሰው በቃሉ ይዞታል። ሽማግሌው ከታመመ በኋላ ነገር መዘባረቁን፥ ቀድሞ እንዲህ አለመሆኑን የሚያውቅ እርሱ ነው። አረጋዊ ሕመምተኛ በድንገት ቢቃዥ ወይም ቢፈዝ «ጃጀ» ተብሎ እንዳይታለፍ፥ ይህ ድንገተኛ የአእምሮ መታወክ የሕመም ምልክት መሆኑ እንዲታወቅ፥ የአስታማሚው ቃል በካርዱ ላይ ሊጻፍ ይገባዋል።

በዚህ ነገር ላይ ሦስት ተቃውሞዎች መነሣታቸው አይቀርም፤ ሦስቱም ሊናቁ የማይገባቸው ናቸው። መጀመሪያው የነርሶች ሥራ መብዛት ነው። አንድ ነርስ ብዙ አልጋ ስትጠብቅ ሌላ ቅጽ መጨመር ሸክም ነው ይባላል። ይህ እውነት ነው፤ ስለዚህ ቅጹ ከጥቂት ደቂቃ የሚበልጥ ጊዜ የማይፈጅ፥ ከሚሞላው የመቀበያ ወረቀትም ጋራ የተያያዘ እንጂ ለብቻው የቆመ መሆን የለበትም። ሁለተኛውና የሚከብደው፥ ድካሙ ከታወቀ በኋላ የሚደረግ ነገር ከሌለ መለካቱ ምን ይጠቅማል የሚለው ነው። ይህም እውነት ነው። ለመለካት ብቻ መለካት ለመዝገብ እንጂ ለሕመምተኛው አይረባም።

ሦስተኛው ተቃውሞ የፍርድ ነገር ነው። አቅሙ የደከመውን ለይቶ የሚያሳይ ወረቀት፥ አልጋና ኦክሲጅን ባነሰ ጊዜ ያንኑ ደካማ ሰው ወደ ኋላ ለማስቀረት ሊውል ይችላል። ይህ ባዶ ሥጋት አይደለም። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በመጋቢት 2020 የኮሮና ወረርሽኝ በጸና ጊዜ ለእንግሊዝ ሐኪሞች መመሪያ የሚያወጣው ናይስ የተባለው ተቋም፥ ወደ ጽኑ ሕሙማን ክፍል የሚገቡትን ለመወሰን የሮክዉድ መለኪያ እንዲታይ መመሪያ አወጣ። ወዲያውም የአካልና የአእምሮ ጕዳት ያለባቸው ሰዎች ማኅበራት ስለ ተቃወሙ፥ መለኪያው ከ65 ዓመት በታች ላሉትና የቈየ ጕዳት ላለባቸው እንዳይውል ተብሎ በጥቂት ቀናት ውስጥ ታረመ። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። በባሕር ዳርም ይህ ምርመራ የሚጀመር ከሆነ፥ ድካም የተገኘበት ሰው የበለጠ ጥበቃ እንዲደረግለት እንጂ እንዳይከለከል በጽሑፍ መወሰን ያለበት ከመጀመሪያው ቀን ነው። ቀዶ ሕክምና ሊደረግለት የታሰበ ደካማ አረጋዊ ቢኖርም፥ ወረቀቱ ሐኪሙ ለሕመምተኛውና ለቤተ ሰቡ አደጋውን በግልጽ እንዲነግርና አስቀድሞ እንዲያዘጋጀው ነው፤ ውሳኔው ግን የሕመምተኛው ነው።

እንግዲህ ድካሙ ከታወቀ በኋላ ምን ይደረግ ቢባል፥ የሚደረገው ብዙው ከባድ መሣሪያ የማይጠይቅ ነው። አንደኛ፥ ሐኪም የከለከለው ካልሆነ በቀር ሕመምተኛው በየዕለቱ ከአልጋ ይውረድ፤ በወንበር ተቀምጦ ይብላ፥ እየተደገፈም ደጋግሞ ይሂድ። ሁለተኛ፥ ምግቡ ይታሰብበት፤ ጥርስ ለሌለው ደረቅ እንጀራ ማቅረብ እንደ መከልከል ነውና ፍትፍት፥ ሾርባ፥ እንቍላል፥ ወተት፥ የጣና ዓሣ ለስልሶ ይሰጠው። ሦስተኛ፥ የሚወስዳቸው መድኃኒቶች በፋርማሲ ባለሞያ አንድ በአንድ ይታዩ፤ ከየክሊኒኩ የተሰጠው ተደራርቦ የሚያዞረውና የሚጥለው ብዙ ነውና። አራተኛ፥ ለሽንት የገባ ቱቦ ካላስፈለገ ቶሎ ይውጣ፤ የማይገላበጠውም በየሁለት ሰዓቱ ይገላበጥ፥ ጀርባው እንዳይቈስል። አምስተኛ፥ ምርኵዙና መነጽሩ ቤት አይቅር፤ ሌሊትም መብራትና ወደ ሽንት ቤት የሚመራው ሰው ይኑር።

ይህ ሁሉ ምክር ብቻ እንዳልሆነ በዓለም ላይ የተደረገው ጥናት ያስረዳል። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2017 ኮክሬን በተባለው የሊቃውንት ማኅበር የታተመው ክለሳ፥ በዘጠኝ አገሮች የተደረጉ 29 ሙከራዎችን፥ ከ13 ሺህ የሚበልጡ አረጋውያን የገቡባቸውን፥ አንድ ላይ አድርጎ መርምሯል። አቅማቸው፥ መድኃኒታቸው፥ አእምሯቸውና ኑሯቸው በአንድነት ተመርምሮ እንክብካቤ የተደረገላቸው አረጋውያን፥ ከወራት በኋላ በሕይወት ሆነው በገዛ ቤታቸው የመገኘታቸው ዕድል ከሌሎቹ በልጦ ተገኝቷል። እውነቱን ለመናገር ግን ይህ እንክብካቤ የሞትን ቍጥር እምብዛም አልቀነሰም፤ ጥቅሙ የተገለጠው ሰውየው ራሱን ችሎ በቤቱ በመኖሩ ላይ ነው። ሙከራዎቹም አብዛኞቹ የተደረጉት በባለጸጎች አገሮች ስለ ሆነ፥ በጣና ዳር ምን ያህል እንደሚሠራ የሚታወቀው እዚሁ ተሠርቶ ሲታይ ነው።

ሥራው በሆስፒታሉ በር ላይ የሚያበቃ አይደለም። በ2002 ዓ.ም. የወጣው የሆስፒታሎች ማሻሻያ መመሪያ ሕሙማንን የሚያስተላልፍና የሚያገናኝ፥ በተለምዶ ላይዘን የሚባል የሥራ ክፍል በየሆስፒታሉ እንዲኖር አድርጓል። ይህ ክፍል ደካማው አረጋዊ በሚወጣበት ቀን ለቀበሌው ጤና ኬላ አንድ ገጽ ደብዳቤ ቢጽፍ፥ ከ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ጀምሮ በየገጠሩ የተሰማሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በሳምንቱ ሄደው ሊያዩት ይችላሉ። የማኅበረ ሰብ ጤና መድኅንም በ2003 ዓ.ም. ለሙከራ ሲጀመር የጣና ጎረቤት የሆነችው ፎገራ ከመጀመሪያዎቹ ወረዳዎች አንዷ ስለ ነበረች፥ በዚህ አካባቢ ለሕክምና ገንዘብ ማዋጣት እንግዳ ነገር አይደለም። መድኅኑ የሕክምናውን ዋጋ ያቀልላል፤ የጀልባውንና የመኪናውን ዋጋ፥ አስታማሚው ከእርሻው የሚቀርበትን ቀን ግን አያቀልልም። ከዚህም በላይ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል በደረሰው ግጭት መንገድ በተዘጋ ቍጥር፥ ለክትትል ተመለስ የተባለው አረጋዊ ሳይመለስ የሚቀርበት ጊዜ አለ። ስለዚህ በአንዱ መግባት ጊዜ ሊደረግ የሚቻለው ሁሉ ለሁለተኛ ቀጠሮ ሳይተላለፍ መፈጸም አለበት።

የካህናትም ድርሻ በዚህ ላይ ታላቅ ነው። የነፍስ አባት በየቤቱ እየገባ ሽማግሌውንና ባልቴቲቱን ከሐኪም አስቀድሞ ያያል። ባለፈው ፋሲካ ቆሞ ያስቀደሰው ዘንድሮ ከቤት አለመውጣቱን፥ መቀነቱ መላላቱን፥ ሲነሣ ግድግዳ መያዙን የሚያስተውለው እርሱ ነው። ይህን አይቶ «ዕድሜው ነው» ብሎ ከማለፍ «ጤና ጣቢያ ውሰዱት» ብሎ ለቤተ ሰቡ መንገር ከምጽዋት የሚቈጠር ሥራ ነው። በጾምም በኩል ለታመመ ሰው ጾም እንደሚቀልለት ካህናት ያውቃሉ፤ ሽማግሌው ግን ብዙ ጊዜ ይህን ፈቃድ ራሱ አይጠይቅም፥ ሐኪም ቢመክረውም ከነፍስ አባቱ ካልሰማው አይቀበልም። ከሆስፒታል ገና የወጣ፥ ሥጋው ያለቀ አረጋዊ እስኪያገግም ድረስ እንዲበላ ከሐኪሙ ቃል ጋራ የካህኑ ቃል ሊጨመርበት ይገባል። በክብራን፥ በደቅ፥ በዳጋና በሌሎቹ የጣና ገዳማት ያረጁ መነኮሳትም ልጅና ምራት የሌላቸው ስለ ሆኑ፥ በታመሙ ጊዜ አስታማሚ ሆኖ የሚከተላቸውንና ከሆስፒታል ሲመለሱ የሚያነሣሣቸውን ረድእ ገዳሙ አስቀድሞ ቢመድብ ይበጃል።

ለሹማምንት የሚቀረው ሥራ በትንሹ መጀመር ነው። ሁሉን ሆስፒታል በአንድ ቀን በትእዛዝ ከመሙላት፥ ከባሕር ዳር ሆስፒታሎች በአንዱ፥ በአንድ የውስጥ ደዌ ክፍል፥ ለአንድ ዓመት ቢሞከር ይሻላል። የሚቈጠረውም የተሞላው ቅጽ ብዛት መሆን የለበትም፤ ቅጽ በመሙላት የሚመሰገን ሰው ቅጽ መሙላቱን እንጂ ሽማግሌ ማንሣቱን አይማርምና። የሚቈጠረው በእግራቸው ገብተው በእግራቸው የወጡት ስንት ናቸው፥ በሆስፒታሉ ውስጥ የወደቁና ጀርባቸው የቈሰለ ስንት ናቸው፥ በወሩ ተመልሰው የገቡስ ስንት ናቸው የሚለው ነው። ውጤቱ መልካም ከሆነ ወደ ደብረ ታቦርና ወደ ሌሎቹ ይስፋፋ፤ መልካም ካልሆነም ጕድለቱ ተመርምሮ ይታረም። በነርሶችና በሐኪሞች ትምህርት ቤቶችም የአረጋውያን ሕክምና ከዳር ተነሥቶ በቂ ሰዓት ሊሰጠው ይገባል፤ በዚህ ሞያ የተለየ ሐኪም በአገሩ እጅግ ጥቂት ነውና።

በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በ41ኛው አንቀጽ መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን ለአረጋውያን እንክብካቤ እንዲያደርግ ያዛል። «አቅም በፈቀደ መጠን» የሚለው ቃል ብዙ ጊዜ ለማዘግየት ምክንያት ሲሆን ይታያል። ነገር ግን አራት ሜትር ወለል፥ አንድ የመለኪያ ሜትር፥ ለአስታማሚው የሚቀርቡ ጥቂት ጥያቄዎችና ሕመምተኛን ከአልጋ የሚያወርድ ክንድ ከአገሩ አቅም በላይ ናቸው ለማለት የሚደፍር ያለ አይመስልም። ሳይደርቅ በእርጥቡ፥ ሳይርቅ በቅርቡ እንዲሉ፥ ድካም የሚታከመው ሰውየው ሳይወድቅ ነው። ከዘጌ በእግሩ ወደ ጀልባው የወረደ ሽማግሌ በእግሩ ወደ ቤቱ እንዲመለስ ማድረግ ለሆስፒታሉ ትንሽ ሥራ ነው፤ ለሽማግሌው ግን ከደጀ ሰላሙ፥ ከሸንጎውና ከልጅ ልጆቹ መካከል መልሶ መገኘት ነው።